ከነበልባሉ በታች

በሰሜን ካናዳ፣ በተቃጠለ ጫካ ውስጥ አንድ ተመራማሪ ብታገኙ ምናልባት ተንበርክኮ ነው የምታገኙት። በእጁ ማስመሪያ ይዟል። የሚለካው የዛፍ ሥር ነው። ያውም አየር ላይ የተንጠለጠለ ሥር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቁር ስፕሩስ የሚባል የጥድ ወገን ዛፍ አለ። ቀጭን፣ ኮሳሳ ነገር ነው። መቶ ዓመት ኖሮም ግንዱ ከክንድ ብዙም ላይወፍር ይችላል። የሚያድገው ሞስ የሚባለው ለስላሳ ተክል በሸፈነው መሬት ላይ ነው። ሞሱ በየዓመቱ ከላይ ያድጋል፣ ከታች ይሞታል። የሞተው በብርዱ ምክንያት ቶሎ አይበሰብስም፣ ይደራረባል። ግንዱ ቀስ በቀስ እየተዋጠ ሲሄድ ዛፉ ከፍ ብሎ አዲስ ሥር ያወጣል። አንድ ቀን እሳት ይመጣና ሞሱን ይበላዋል። ሥሮቹ ግን ጠቁረው ግንዱ ላይ ይቀራሉ። ከሥሮቹ እስከ ቀረው መሬት ድረስ ያለው ርቀት፣ ስንት ሴንቲሜትር አፈር እንደነደደ ያሳያል። ማስመሪያው ለዚህ ነው።

ስለ ሰደድ እሳት የነበረኝ ሥዕል በሙሉ ከስልክ የመጣ ነበር። ቀይ ሰማይ፣ የሚንቦገቦግ ጫካ፣ ተሰልፈው የሚሸሹ መኪኖች። ስለ ሰሜኑ ጫካ እሳት ማንበብ ስጀምር ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ገረመኝ። ሥራዬ ብለው የሚያጠኑት ሰዎች ስለ ነበልባሉ ብዙም አያወሩም። ጥያቄያቸው ሌላ ነው። መሬቱ ምን ያህል ደርቆ ነበር? ምን ያህል ጥልቀት ነደደ? ከዚህ በፊት የተቃጠለው መቼ ነው? እኔም እያደር ወደ እነሱ ወገን ተሳብኩ። አሁን የእሳት ዜና ስሰማ መጀመሪያ የማስበው ስለ መሬቱ ነው።

የምኖረው ኤድመንተን ነው፣ አልበርታ። ሙያዬ ከዛፍ ጋር ምንም አያገናኘኝም። ግን በዚህ ከተማ ሰመር ላይ ስለ ጭስ ሳያወራ የሚውል ሰው የለም። ጠዋት ስንነሳ ከሙቀትና ከዝናብ በፊት የአየር ጥራቱን ነው የምናየው። መለኪያው ከ1 ይጀምራል፣ 10ን ሲያልፍ መቁጠሩን ይተውና “10+” ብሎ ያርፋል። ሜይ 2023 ላይ አልበርታ የአስቸኳይ ጊዜ ስታውጅ ሰማዩ ቡናማ ሆኖ ከረመ። መስኮት ዘግተን ቡና እናፈላለን። ሽታው ከዕጣኑ ይሁን ከውጭ መለየት አቃተን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦሪያል የሚባለው ይህ ጫካ ከአላስካ ተነስቶ ካናዳን ያቋርጣል። በስካንዲኔቪያ አልፎ እስከ ሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ይደርሳል። ከዓለም ደን ሲሶው ገደማ እሱ ነው። ስፋቱ እንዲህ ሆኖ የዛፉ ዓይነት ግን በጣም ጥቂት ነው። ስፕሩስ፣ ፓይን፣ ላርች፣ በርች፣ አስፐን፣ ሌላም ጥቂት። ሰሜን አልበርታን በመኪና ስታቋርጡ ያው ዛፍ በግራ፣ ያው ዛፍ በቀኝ። ለዓይን ይሰለቻል። እንዲህ የሚያሰለች የሆነበት አንዱ ምክንያት ደግሞ እሳት ነው። አንድ ትልቅ እሳት ያልፋል፣ ሁሉም ዛፍ ባንዴ ይበቅላል፣ ሁሉም እኩያ ሆኖ ያድጋል።

ጃክ ፓይንን ውሰዱ። ብዙው ፍሬው በሙጫ የታሸገ ነው። ሙጫው የሚለቀው 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ነው። እንዲህ ዓይነት ሙቀት እዚህ አገር ዛፍ ጫፍ ላይ በአብዛኛው የሚመጣው ከእሳት ጋር ነው። እናቲቱ ዛፍ ትሞታለች፣ ፍሬዋ ይከፈታል፣ ዘሩ አመዱ ላይ ይረግፋል። ጥቁር ስፕሩስም ፍሬውን ጫፉ ላይ ሰብስቦ ይይዝና ከእሳት በኋላ ቀስ እያለ ይለቀዋል። አስፐን ደግሞ ዘር ብዙም አያሳስበውም። ግንዱ ቢነድም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። እኛ “እሳት አመድ ወለደ” እንላለን፣ ከትልቅ ሰው ከንቱ ልጅ ሲወጣ። እዚህ አመዱም ይወልዳል።

ሌላው ፍጥረት ሲሸሽ ወደ እሳቱ የሚበር ጥቁር ጥንዚዛ እንኳ አለ። ገላው ላይ ሙቀትን ከሩቅ የሚለይበት አካል አለው። እንቁላሉን አዲስ በተቃጠለ እንጨት ውስጥ ይጥላል፣ የሞተ ዛፍ በሙጫው ሊከላከለው አይችልምና። ከዚያ የጥንዚዛ ትል የሚበላው ጀርባ ጥቁሩ ግንደ ቆርቁር ይከተላል። ለእኛ ጥፋት የሚመስለን ቦታ ለእነሱ የሠርግ ቤት ነው።

ሁሉም የሰሜን ጫካ አንድ ዓይነት አይነድም። በሳይቤሪያ ላርችና የስኮትላንድ ፓይን የሚባለው ዛፍ ብዙ ቦታ ይዘዋል። የፓይኑ ቅርፊት ወፍራም ነው፣ ታችኛ ቅርንጫፎቹን እያራገፈ ያድጋል። ስለዚህ እዚያ ብዙ ጊዜ እሳቱ መሬት ለመሬት ሄዶ ያልፋል፣ ዛፉ ይተርፋል። የሰሜን አሜሪካው ጥቁር ስፕሩስ ግን ደረቅ ቅርንጫፉን እስከ መሬት ድረስ ይዞት ይኖራል። እሳቱ በእሱ ላይ ተንጠላጥሎ አናቱ ድረስ ይወጣል። አንዴ አናት ከያዘ በኋላ ደግሞ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፣ የሚያቆመው የለም። እኔ ሳስበው ይህ ዛፍ ሞቱን አስቀድሞ የተዋዋለ ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ ምርምር የምወደው ክፍል ግን በጣም ደረቅ የሚባለው ነው። ሒሳቡ።

በመላው ካናዳ በየጣቢያው በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አራት ነገሮች ይመዘገባሉ። ሙቀት፣ የአየር እርጥበት፣ የንፋስ ፍጥነት፣ ያለፉት 24 ሰዓታት ዝናብ። በቃ። ከእነዚህ አራት ቁጥሮች ተነስቶ የጫካውን ወለል ድርቀት የሚያሰላ ሥርዓት አለ። የሥራው መነሻ በኦንታሪዮ፣ ፔታዋዋ በሚባል የምርምር ጫካ ነው፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት። አሁን በምናውቀው መልክ የወጣው በ1970 ነው። ከዚያ ወዲህ ኒውዚላንድም አውሮፓም ተውሰውታል።

ሥርዓቱ መሬቱን በሦስት ደርብ ይከፍለዋል። የላይኛው ደረቅ ቅጠልና የጥድ መርፌ ነው። እሱ ለመድረቅ አንድ ፀሐያማ ቀን ይበቃዋል። ከሥሩ እስከ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ያለው በከፊል የበሰበሰ ነገር ነው። እሱ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ሦስተኛው ወደ 18 ሴንቲሜትር ገደማ የሚወርደው የታመቀ ንብርብር ነው። የዚህኛው ጊዜ ከ50 ቀን በላይ ነው። ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ቀስ ብሎ ይርሳል።

ይህን ስረዳ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። ከሰዓት በኋላ አንድ ዶፍ ሲወርድ ከተማው ሁሉ “ተገላገልን” ይላል። ዝናቡ ግን ያራሰው የላይኛውን ደርብ ነው። ታችኛው ከባለፈው ወር ጀምሮ የተጠማ ከሆነ ያ ዝናብ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሲወጣ ላዩ ተመልሶ ይደርቃል። እሳቱ ካቆመበት ይቀጥላል። የፀደይ እሳትና የበጋ (የሰመር) መጨረሻ እሳት የሚለያዩትም በዚህ ነው። በፀደይ ላዩ ደርቆ ታቹ ገና በረዶ ነው፣ ስለዚህ እሳቱ ይሮጣል እንጂ ብዙ አይወርድም። በጋው ሲገባደድ ግን መሬቱ ራሱ ማገዶ ይሆናል።

በሰሜን አልበርታ ያለችውን የነዳጅ ከተማ፣ ፎርት ማክመሪን፣ ያነደደው የፀደይ እሳት ነበር። ሜይ 1 ቀን 2016 ጀመረ። ሜይ 3 ከተማው ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር፣ በሜይ መጀመሪያ! አስፐኖቹ ገና ቅጠል አላወጡም። የጥዶቹ መርፌም በዚያ ሰሞን እርጥበቱ የሚቀንስበት ጊዜ ነው። ወደ 88,000 ሰው ወጣ። 2,400 ያህል ቤትና ሕንፃ ወደመ። በእሳቱ በቀጥታ የሞተ ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ተአምር ይመስለኛል። ሲሸሹ በመኪና አደጋ ግን ሁለት ወጣቶች ሞተዋል።

እዚያ ከተማ ለነዳጅ ካምፕ ሠራተኞች አውቶቡስ የሚነዳ ወዳጅ አለኝ። ሐበሻው እዚያ ጥቂት አይደለም፣ ሥራው ከባድ ቢሆንም ክፍያው ጥሩ ስለሆነ። ያን ቀን ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ በሀይዌይ 63 ወደ ደቡብ ወረደ። ወደ ደቡብ ያለው መንገድ እሱ ብቻ ነው። በሁለቱም ወገን ዛፉ እየነደደ ነበር። “ልጆቹን ዓይናችሁን ጨፍኑ ስላቸው እኔም ልጨፍን ምንም አልቀረኝም” ብሎኛል። ከወር በኋላ ሲመለሱ ቤቱ ቆሟል። ፍሪጁ ውስጥ የቀረው እንጀራ ግን የሌላ ዓለም ፍጥረት ሆኖ ጠበቃቸው፣ ፍሪጁን ሳይከፍቱ በፕላስተር አሽገው ከነሆዱ ጣሉት። ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ያለው ጎረቤት አመድ ሆኗል። “የእኔ እንዴት ተረፈ?” የሚለው ጥያቄ ለዓመታት አልለቀቀውም። እመለስበታለሁ።

ያ እሳት 590,000 ሄክታር ገደማ ካቃጠለ በኋላ ጠፋ ተብሎ የታወጀው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኦገስት 2017። አሥራ አምስት ወር። መሐል ላይ ሙሉ የአልበርታ ክረምት አለ፣ ያን ሁሉ በረዶና ብርድ ይዞ። እሳቱ የት ነበር? መሬት ውስጥ ነበር።

እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍነው ያድራሉ። ጠዋት አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት ፍሙ አለ። የሰሜኑ ጫካም ይህን ያደርጋል። ታችኛው ንብርብር ውስጥ የገባ ፍም አየር እምብዛም ሳያገኝ በዝግታ እየጤሰ ከበረዶው ሥር ይከርማል። ፀደይ ሲመጣና ላዩ ሲደርቅ ብቅ ይላል። ሬቤካ ስኮልተንና ሳንደር ፌራቨርቤክ ከአምስተርዳም፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ እንዲህ ያሉትን እሳቶች በአላስካና በካናዳ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ በሳተላይት ተከታትለው በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ከ2002 እስከ 2018 ከተቃጠለው መሬት የእነሱ ድርሻ በአማካይ ከ1 በመቶ በታች ነበር። ትንሽ ነው። ግን ከሞቃት በጋ በኋላ፣ እሳቱ በጥልቀት በነደደባቸው ዓመታት፣ ቁጥራቸው ከፍ ይላል። የውጭ ሚዲያ “ዞምቢ እሳት” ይላቸዋል። የተዳፈነ እሳት የሚለውን ለሚያውቅ ሰው ዞምቢ ምን ያደርግለታል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ፣ እሳቱን ማጥፋት ይሻላል ወይስ መተው? ሁላችንም “ሳይቃጠል በቅጠል” እየተባልን ነው ያደግነው። እሳትን ገና በእንጭጩ ማጥፋት ጥበብ ነው። የካናዳም የደን መሥሪያ ቤቶች አቋም ለረጅም ጊዜ ከዚህ የራቀ አልነበረም፣ አቅማቸው በደረሰበት ቦታ ሁሉ። አቅሙ ግን ሁልጊዜ አይደርስም ነበር። በ1950 በብሪቲሽ ኮሎምቢያና በአልበርታ ድንበር ቺንቻጋ በሚባለው አካባቢ የተነሳውን እሳት ብዙ ማንም አልተጋፋውም። በዚያን ጊዜ ከመንገድና ከመንደር የራቀ እሳት እንዲነድ ይተው ነበር። ከጁን እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ነደደ፣ ከ1.4 ሚሊዮን ሄክታር በላይ። በሴፕቴምበር መጨረሻ ጭሱ ምሥራቅ ካናዳንና አሜሪካን በቀትር አጨለመ። ሰዉ መብራት አበራ፣ አንዳንዱ አቶሚክ ቦምብ ነው አለ። ከሁለት ቀን በኋላ እንግሊዝ አገር ፀሐይና ጨረቃ ሰማያዊ ሆነው ታዩ። ስለዚህ “ድሮ እንዲህ ያለ እሳት አልነበረም” ለሚለው ሰው መልሱ ነበረ ነው።

ድሮ የነበረ ሌላም ነገር አለ፣ ይህኛው ብዙ ሳይወራለት የቀረ። በ1970ዎቹ ሄንሪ ሉዊስ የሚባል የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂስት በሰሜን አልበርታ እየዞረ ክሪና ዴኔ የሚባሉትን የአገሩን ነባር ሕዝቦች አዛውንቶች ጠየቀ። የነገሩት ግልጽ ነበር። በፀደይ፣ ጫካው ውስጥ ገና በረዶ እያለ፣ ሜዳውንና የሐይቁን ዳር ያለውን ደረቅ ሣር ያቃጥሉ ነበር። እሳቱ ጫካው ጋ ሲደርስ በረዶው ያቆመዋል። ሣሩ ቀድሞ ይለመልማል፣ አደን ይመጣል፣ መንገዱ ክፍት ይሆናል። በመንደሩ ዙሪያም የማይነድ ቦታ ይፈጠራል። ከዚያ መንግሥት መጣና ከለከለ። ዛሬ ኤሚ ካርዲናል ክርስቲያንሰንን የመሰሉ፣ ራሳቸው ከነባር ሕዝቦች የወጡ ተመራማሪዎች፣ ያ እውቀት ተመልሶ እንዲሠራበት እየተከራከሩ ነው።

አዛውንቶቹ ሒሳቡን አልጻፉትም እንጂ ያውቁት ነበር። ላዩ ደርቆ፣ ታቹ በረዶ ሆኖ። የ1970ው ስሌት የሚነግራችሁም ይህንኑ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሩቅ ሰሜን ላለው ጥቁር ስፕሩስ ጫካ እሳት ማጥፋቱ ይህን ያህል አልቀየረውም። ሰፊ ነው፣ ሰው የለበትም፣ ብዙው እሳት ከመብረቅ ነው የሚነሳው። በካናዳ ከሚቃጠለው መሬት አብዛኛውን የሚያቃጥለው በቁጥር ጥቂት የሆነው ግዙፍ እሳት ነው። ከጠቅላላው እሳት 3 በመቶ ገደማው የተቃጠለውን መሬት 97 በመቶ ይይዛል። ስለዚህ የካሊፎርኒያን ታሪክ፣ እሳት ማጥፋቱ ራሱ ማገዶ አከማችቶ የባሰ እሳት አመጣ የሚለውን፣ እንዳለ አምጥቶ እዚህ መለጠፍ አያስኬድም። እዚህ ያለው ዋናው ጭንቀት ሌላ ነው፣ የመመለሻው ጊዜ።

ጥቁር ስፕሩስ በቂ ዘር ለመያዝ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። እሳቱ በየመቶ ዓመቱ ቢመጣ ዛፉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ቢመጣስ? ችግኙ ገና ልጅ ነው፣ ፍሬ የለውም። እሳቱ ሲያልፍ የሚተካው ዘር የለም። እዚሁ ኤድመንተን በካናዳ የደን አገልግሎት ማዕከል የምትሠራው ኤለን ዊትማንና ባልደረቦቿ ይህን አጥንተው በ2019 አሳትመዋል። ሁለት ጊዜ በአጭር ልዩነት የተቃጠለና በረጅም ልዩነት የተቃጠለ ቦታ ጎን ለጎን አወዳደሩ። በአጭር ጊዜ ተመላልሶ የተቃጠለው ቦታ ላይ ጥዱ ሳስቶ አስፐን በዝቷል። መሬቱም ገላጣ ሆኗል።

በዚያው ዓመት የዛንቲ ዎከር፣ የጄኒፈር ባልትዘርና የሚሼል ማክ ቡድን ሌላ ነገር አወጣ። መነሻቸው የ2014 የኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ እሳት ነው፣ ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የነደደበት። ከ200 በላይ ቦታ ሄደው መሬቱን መረመሩ። መግቢያው ላይ ያልኳችሁ ማስመሪያና ሥር እንደነዚህ ባሉ ጥናቶች ላይ ነው የሚሠራው። እነሱ ግን አንድ ጥያቄ ጨመሩ። የነደደው ካርቦን ዕድሜው ስንት ነው? በራዲዮካርቦን ለዩት። ጫካው ያረጀ ከሆነ እሳቱ የበላው ጫካው ራሱ ያጠራቀመውን ነው፣ ከሥሩ ያለው የአያት የቅድመ አያት ካርቦን ሳይነካ ቀርቷል። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በታች በነበሩ ጫካዎች ላይ ግን ወደ ግማሽ በሚጠጉት እሳቱ አሮጌውን ክምችት ነክቷል። ደረቅ ቦታ ላይ ባሰ። ማለትም እሳቱ ካለፉት እሳቶች ተርፎ የተወረሰውን ቅርስ መብላት ጀምሯል።

እዚህ ጋ ጭልምልም ማለት ቀላል ነው። ግን ሚሼል ማክና ባልደረቦቿ በ2021 ከአላስካ ያመጡት ውጤት ነገሩን ወሰብሰብ ያደርገዋል። በ2004 በኃይል ከተቃጠሉት የጥቁር ስፕሩስ ቦታዎች ብዙዎቹ በአስፐንና በበርች ተተክተዋል። እነዚህ ዛፎች ቶሎ ያድጋሉ፣ ካርቦንም በብዛት ይይዛሉ። ቅጠላቸው እርጥብ ስለሆነ በበጋ እሳት እንደ ልቡ አይሄድባቸውም። ታዲያ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? የዛፍና የድንጋይ ሽበት (ላይከን) ለሚበላው ካሪቡ ለሚባል የሰሜን አጋዘን መጥፎ ነው፣ ሙስ ለሚባለው ትልቅ አጋዘን ጥሩ ሊሆን ይችላል። ስፕሩሱና ሞሱ ከፀሐይ ሲከልሉት ለኖሩት የቀዘቀዘ አፈር ግን ጥሩ አይመስልም። እኔ “ጫካው ሞተ” የሚለውም “ጫካው ራሱን ያድሳል” የሚለውም ርዕስ አይዋጥልኝም። ሌላ ጫካ እየሆነ ነው። የት እንደሚቆም የሚወስነው እሳቱ ስንት ዓመት ቆይቶ እንደሚመለስ ነው።

2023 እዚህ ላይ ነው የሚያስፈራው። በካናዳ 15 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነደደ፣ ከቀድሞው ሪከርድ እጥፍ ገደማ። ከ200,000 በላይ ሰው ከቤቱ ወጣ። በኦገስት የኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ዋና ከተማ የሆነችው የሎውናይፍ፣ 20,000 ሰው ሙሉ፣ ለቀቀች። ኒውዮርክ ብርቱካናማ የሆነችበትን ቀን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እሳት በማጥፋት ሥራ ላይ ስምንት ሰዎች ሞተዋል። ወደ አየር የወጣው ካርቦን 647 ሚሊዮን ቶን ገደማ ተገምቷል። በዓመት ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ከዚያ የበለጠ የሚለቁት ቻይና፣ አሜሪካና ሕንድ ብቻ ናቸው። እኔ ግን ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ የማስበው ስለ ሰዓቱ ነው። 15 ሚሊዮን ሄክታር ላይ ሰዓቱ በአንድ ሰመር ዜሮ ላይ ተመለሰ። ከዚያ መሬት ላይ ያለው የስፕሩስ ችግኝ ገና ልጅ ነው። የሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት ይተውት ይሆን?

ይህን ስታነቡ “ለእኛ አገርስ?” የሚል ካለ፣ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንደርሽ ግራንስትረም የስዊድንን ሰሜናዊ ጫካዎች እሳት ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። እሱና ማሪያ ዮሃንሶን፣ ከእኛው ማስረሻ ፈጠነ ጋር ሆነው፣ ወደ ባሌ ተራሮች ወጥተው አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ አጠኑ። በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ የባሌ እረኞች እሳቱን እንዴት እንደሚይዙት ይተርካሉ። አስታው ሲያረጅ ለከብት አይሆንም፣ ያቃጥሉታል፣ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። አዲስ ያቆጠቆጠው ለዓመታት እሳት አይዘውም። ስለዚህ አምና ካቻምና የተቃጠለው ቦታ የዘንድሮውን እሳት ያቆመዋል። እረኛው የት መለኮስ እንዳለበት የሚያውቀው በየትኛው ተረተር ላይ መቼ እንደነደደ ስለሚያስታውስ ነው። ጥናቱ ሲወጣ ሕጉ ግን ማቃጠሉን ይከለክል ነበር። አንድ የስዊድን የእሳት ባለሙያ ባሌ ድረስ ሄዶ ያገኘው ሰሜን አልበርታ የክሪ አዛውንቶች ለሉዊስ የነገሩትን ዓይነት ነገር መሆኑ እኔን በጣም ነው ያስደሰተኝ።

የወዳጄ ጥያቄ ቀርቷል። ቤቱ እንዴት ተረፈ?

ከ1997 እስከ 2000 በኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ፣ ፎርት ፕሮቪደንስ ከምትባል መንደር አቅራቢያ፣ ከብዙ አገር የመጡ ተመራማሪዎች ቁራጭ ቁራጭ ጫካ ሆን ብለው አቃጠሉ። የጃክ ፓይን ጫካ ነበር። እሳቱ አናት ላይ ወጥቶ እንዲነድ ነው የፈለጉት፣ በመሣሪያ እንዲለኩት። ጃክ ኮኸን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከጫካው ጠርዝ 10፣ 20 እና 30 ሜትር ርቀት ላይ የእንጨት ግድግዳ አቆመ። እሳቱ እንደ ሲኦል መጣ። 10 ሜትር ላይ ካሉት ግድግዳዎች አንዳንዶቹ ተያያዙ። 20 እና 30 ሜትር ላይ ያሉት አልነደዱም። ያ ሁሉ ግለት ከሠላሳ ሜትር ቤት አያቃጥልም ማለት ነው።

ታዲያ ፎርት ማክመሪ እንዴት ነደደ? በፍንጣሪ። ንፋስ የተሸከመው ፍም ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጥቶ ከደጃፍ ያርፋል። ከእሳቱ በኋላ አለን ዌስታቨር የሚባል ባለሙያ ከቤት ቤት እየዞረ መረመረና ይህንኑ አገኘ። መጀመሪያ የተያያዙት ቤቶች በአብዛኛው በፍንጣሪ ነው። የተረፉት ደግሞ ባብዛኛው ዙሪያቸው የጸዳ ነበር። ከግድግዳ አጠገብ የተከመረ እንጨት፣ አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመ ቅጠል፣ መስኮት ሥር የተተከለ ጥድ። ጉዳዩ እዚያ ነው ያለው። ፋየርስማርት የሚባለው የካናዳ ፕሮግራም አሁን ከግድግዳው እስከ 1.5 ሜትር ድረስ የሚነድ ነገር እንዳይኖር ይመክራል።

ይህን ለወዳጄ በስልክ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና “ያን ጊዜ እኮ ግቢያችን ባዶ ነበር፣ ሣር እንኳ አልበቀለም” አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና “አሁን ግን መስኮቱ ሥር ስድስት ጥድ አለ” አለኝ።

“ንቀላቸዋ።”

“እኔ አይደለሁም የተከልኳቸው። ባለቤቴ ናት። አንተው ንገራት።” ስልኩን አቀበላት።

ነገርኳት። ስለ ፍንጣሪው፣ ስለ ግድግዳዎቹ፣ ስለ 1.5 ሜትሩ። ጥዶቹ ሲገዙ ስንት እንደወጣባቸው ነገረችኝ። ተከራከርን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተነቀሉ፣ በቦታቸው ጠጠር ተደፋ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልኩን ካነሳች ሰላምታም አታስቀድምም። “ያ የጥዴ ጠላት ነው የደወለው” ብላ ለባሏ ትሰጠዋለች።